ከአሮጌው ወደ አዲሱ ስቀዳ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ ጋቢ አለበሰኝ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ንግግር ተደረገ፣ ኃላፊያችንም ስሜን ሁለት ጊዜ አሳስተው ጠሩኝ። ጋቢውን የመረጡት ብርድ እንዳይመታኝ ይመስለኛል፤ ያ የኮምፒውተር ክፍል በተሰበረ መስኮቱ የመካነ ሰላምን ንፋስ እያስገባ ስንት ዓመት ሲያንቀጠቅጠኝ ግን ጋቢ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። አልተቀየምኩም። ጋቢው ሞቃት ነው፤ ይህንንም የምጽፈው እሱን ለብሼ ነው።

ቤት መዋል ስጀምር ያስቸገረኝ ጆሮዬ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ድምፅ ለምዷል፤ መጀመሪያ የታይፕ፣ ኋላ ደግሞ የኮምፒውተር። ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል ኮምፒውተር በሌለበት ቤት ውስጥ የሃርድ ዲስክ ሽክርክሪት ይሰማኛል። ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጠዋለሁ። ጤነኛ ነው ወይስ ታማሚ እያልኩ ስመረምረው እቆይና፣ እህቴ «ደግሞ ማንን ነው የምታዳምጪው?» ስትለኝ እባንናለሁ። በኋላ እሷው ሰለቻትና የፊት ለፊቱን ክፍል አስለቅቃ ጠረጴዛ አስገባችልኝ። እኔም «ኮምፒውተር ይጠገናል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ከሚመጣልኝ ሥራ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ተከፍቶ እስኪነሳ ድረስ ሰው ቁርሱን በልቶ የሚጨርስበት አሮጌ ኮምፒውተር ይዘው ይመጣሉ። ለመጣል ያሳዝናል፣ አዲስ ለመግዛት አይቻልም። መፍትሔው ውስጡ ያለውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በፋንታው ኤስኤስዲ የሚሉትን ቀጭን፣ የማይሽከረከር፣ ድምፅ የሌለው ማስቀመጫ መተካት ነው። ከዚያ በፊት ግን አሮጌው ላይ ያለው ሁሉ፣ ፕሮግራሙም ፋይሉም የስክሪኑ ሥዕልም ሳይቀር፣ እንዳለ ወደ አዲሱ ይቀዳል። ወጣቶቹ ባለሙያዎች «ክሎን ማድረግ» ይሉታል። እኔ መቅዳት ነው የምለው። ሲያልቅ ያው አሮጌ ኮምፒውተር በአንዴ ዘሎ ይነሳል፤ ባለቤቱም ሁሉን እንደተወው ያገኘዋል። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ እስካሁን ግን አልሰለቸኝም።

ሰዓዳ የመጣችው በነሐሴ አንድ ረፋድ ላይ ነው። ጉሙ ከአባይ በረሃ ሽቅብ ወጥቶ ከተማውን ውጦት ነበር፤ ከውስጡ ብቅ ስትል መጀመሪያ የታየኝ ደረቷ ላይ ያቀፈችው ላፕቶፕ ነው። ረዘም ያለች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት የሚሆናት ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ባለፈው በጋ እንደተመለሰች ቆይታ ነገረችኝ።

«እትዬ በላይነሽ አንቱ ናችሁ?»

«እኔው ነኝ። ግቢ፣ ብርዱ አይከተልሽ።»

«እንደምን አደራችሁ? አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናችሁ?» ብላ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ከቦርሳዋ አዲስ ኤስኤስዲ ከነካርቶኑ አወጣች። «ይችን ከደሴ ገዝቼ መጣሁ። ላፕቶፗ ፈዛለች፤ ይችን አስገቡልኝ። ውስጧ ያለውን ሁሉ አጥፉት፣ ፎርማት ይደረግ። መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ልከፍትባት ነው።»

«ቢጠፋ የሚያለቅስበት ሰው አለ?» አልኳት።

ደንገጥ አለች። በዚህ ጥያቄ የማይደነግጥ የለም።

«ማን ያለቅሳል? የአባቴ ነበረች። እኔ ነኝ ከዚያ የላክሁለት። እሱ ሞቷል፣ ይኸው ሁለት ዓመቱ። በሕይወት ሳለም ቢሆን ከኔ ጋር ወሬ አልነበረውም።»

የመጨረሻዋን ቃል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የተናገረችው።

«እኔ ሳልቀዳ አላጠፋም» አልኳት። «መጀመሪያ እንቅዳው። ቀድተን ስንጨርስ አጥፊው ካልሽኝ አጠፋዋለሁ፤ ያኔ አልከራከርሽም።»

«እንዳላችሁ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ይህ «የሚያለቅስበት ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ የኔ አይደለም፤ የጋሽ ሰይድ ነው። ጋሽ ሰይድን ያወቅኋቸው ታይፒስት ሳለሁ ነው። የየመሥሪያ ቤቱን ታይፕ በጭነት መኪና እየዞሩ የሚጠግኑ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ወደ እኛ ሲመጣ የያኔው አለቃችን ልዩ ክፍል ሰጡት። ወለሉ ምንጣፍ ተነጠፈበት፣ ጫማ አውልቆ መግባት ግዴታ ሆነ፣ ኮምፒውተሩም ጥልፍ ልብስ ለብሶ ወራት ተቀመጠ። ማንም አይነካውም፤ እንግዳ ሲመጣ ልብሱ ይገለጣል፣ ይታያል፣ ይሸፈናል። ጋሽ ሰይድ ታይፕ ሊጠግኑ መጥተው ይህን አዩ። እንደ ደንቡ ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ብቅ ብሎ ነበርና እሳቸውም አይተው ሳቁ። ከዚያ ጥልፉን ገፈው አጣጠፉና «ጌታዬ፣ ይህ ሙሽራ አይደለም፤ ሠራተኛ ነው» አሉ። አለቃው ተቆጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ኮምፒውተሩ ሥራ ጀመረ፤ እኔም ከታይፑ ተነስቼ ፊቱ ተቀመጥኩ።

ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ጣትሽ ፈጣን እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ጆሮሽስ?» ነበር ያሉኝ። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ዲስኩ ላይ አሳርፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጤነኛ ዲስክ አንድ ወጥ ድምፅ አለው። የታመመው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ፀጥ ይላል፣ እንደገና ይሞክራል። ብሎኖቹን በለስላሳ ቆርኪ ለየብቻ ያስቀምጣሉ፤ ከየት እንደወጣ ቆርኪው ሥር በእስክርቢቶ ይጽፋሉ። እጃቸውን መጀመሪያ የመስኮቱን ብረት ያስነካሉ፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ከዚያ ነው የሚከፍቱት። እኔም ክርስቲያን ሆኜ ቢስሚላህ ሳልል ብሎን መፍታት አልችልም። የንስሐ አባቴ ይህን ሰምተው ሳቁብኝ እንጂ አልገሠጹኝም።

ያችን ጥያቄ ደግሞ ባለቤቱ ሳይመልስላቸው አይቀመጡም። «ቢጠፋ የሚያለቅሰው ማነው?» ይላሉ፣ ቆመው።

በዚያች ረፋድም እንደ ወጉ ቢስሚላህ ብዬ የሰዓዳን ላፕቶፕ ከፈትኩ። ብሎኖቹ ዝገዋል። ዲስኩን አውጥቼ ከራሴ ኮምፒውተር ጋር በኬብል አገናኘሁትና ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ቀጭ፣ ቀጭ። ፀጥታ። ቀጭ።

«ታሟል?» አለች ሰዓዳ።

«ታሟል። ግን ገና ይናገራል» አልኳት።

አዲሱ የሚይዘው ከአሮጌው ያንስ ነበር። ትልቁን ወደ ትንሹ ስቀዳ ባዶውን ትቼ የተጻፈበትን ብቻ ነው የማሻግረው፤ ስለዚህ ምን እንዳለ ማየት ግድ ነው። ብዙ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ሲሠራ አብሮት የመጣ ምናምን፣ ጥቂት የቁርዓን ንባብ፣ ጥቂት ፎቶ። ከዚያ አንድ ዶሴ ውስጥ የድምፅ ፋይሎች አየሁ። ሰባ ስምንት ናቸው። ስማቸው በእንግሊዝኛ «ቀረጻ» ይልና ቁጥር ይከተላል፤ ሌላ ምንም የለም። የተጻፉበትን ቀን ሳየው ላፕቶፑ ራሱ ከመሠራቱ በፊት ነው። የትኛውም ባለሙያ ቢያየው ከፋብሪካ የመጣ እንቶ ፈንቶ ነው ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ግን ወግዲ ትዝ አለኝ።

ወግዲ የተዛወርኩት ከደጎሎ ነው። ደጎሎ ደስ ይለኝ ነበር። ነጩ የስንዴ ማሳ፣ በገበያ ቀን የጭነት መኪናው ጡሩምባ፣ ከኮምፒውተሩ ማራገቢያ በብሩሽ የማወጣው የገብስ እብቅ፣ ሁሉም አሁን ስንፍና በተጫነኝ ከሰዓት ላይ እየተቀላቀለ ይመጣብኛል። ደሞዙ ያው ነው፤ አንዲት ካቻቢቴ ለማስገዛት የጻፍኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ነው የተዛወርኩት። ወግዲ ስደርስ ጋሽ ሰይድ አጠገቤ አልነበሩም፤ ራሴን እንደ ሙሉ ባለሙያ ቆጥሬ ነበር።

እዚያ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ጸሐፊ ነበረች። ሥራዋ የድንበር ክርክር ሲነሳ የአገር ሽማግሎች የሚሰጡትን ቃል መጻፍ ነው፤ ይህ ማሳ ከየት እስከ የት የማን እንደነበር። ኮምፒውተሯ አርጅቶ ዲስኩ እንዲቀየር ተባለ። መሳቢያ ውስጥ ሌላ ዲስክ ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ መጠባበቂያ ብሎ የቀዳው። የታዘዝኩት ከሁለቱ አዲሱን ሥራ የያዘውን ወደ አዲሱ ዲስክ ቀድቼ ሌላውን አጥፍቼ ለሌላ ቢሮ እንድሰጥ ነው። ወይዘሮ ትርንጎ በዚያ ቀን ለቅሶ ሄዳ ነበር። ሁለቱን ዲስኮች ከፍቼ ቀናቸውን አየሁ። የመሳቢያው ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ ይላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው ነው ይላል። አዲሱ የቱ እንደሆነ ለኔ ግልጽ ነበር። የመሳቢያውን ቀዳሁ፤ ሌላውን አጠፋሁ።

ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ የመሳቢያውም ዲስክ በባለሙያው ኮምፒውተር ስለተቀዳ ቀኑ እንደዚያው ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ግን ሥራ የጀመረች ሰሞን ስክሪኑ ጥግ ያለውን ዓመተ ምሕረት አይታ «ይህ ነገር ተሳስቷል» ብላ በእኛ አቆጣጠር አስተካክላዋለች። የዚያን ዕለት ዋዜማ የተጻፈው ሁሉ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ የመሰለኝ በዚህ ነው። ያጠፋሁት የሁለት ዓመት ድካሟን ነበር።

በማግሥቱ መጥታ ተቀመጠች። ፈለገች፣ እንደገና ፈለገች። አልጮኸችም።

«በላይነሽ፣ ያ ሁሉ ቃል የት ሄደ?»

ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «ከሽማግሎቹ ሦስቱ እኮ ሞተዋል» አለች።

ጋሽ ሰይድ ሰምተው በጭነት መኪና ወግዲ መጡ። የጠፋውን ሊያስመልሱ ሦስት ቀን ታገሉ፤ የተገኘው የተቆራረጠ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ከዋርካው በታች» የሚል፣ «አያቴ ሲያርሰው» የሚል። አልተቆጡኝም። ሊሄዱ ሲሉ ግን «ቀኑን ዲስኩን ጠየቅሽው፤ ሴትዮዋን አንድ ቀን መጠበቅ እንዴት አቃተሽ?» አሉኝ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በዚያ ሰበብ የማሳዋን ምስክር አጥታለች። ክርክሯ እንዴት እንዳለቀ ለመጠየቅ እስካሁን ድፍረት አላገኘሁም፤ አፍራለሁ።

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩትና የላፕቶፑን ቀን ማን እንዳስተካከለው ሰዓዳን ጠየቅኋት።

«ጎረቤታችን መምህር ነበር አባቴን ያስተማረው። ቀኑ ተሳስቶ መጣ ብሎ ያስተካከለውም እሱ ይሆናል። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» አልኳት፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ግን ድምፆቹ የተቀዱት አባቷ ቤት ነው።

ስለ ድምፆቹ አልነገርኳትም። ከታመመ ዲስክ ላይ ተከፍቶ አይሰማም፤ መጀመሪያ ይቀዳል። ነግሬያት ተስፋ ካደረገች በኋላ ዲስኩ እጄ ላይ ቢሞትስ? ያን ፊት አንድ ጊዜ ወግዲ ላይ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ማየት አልፈለግሁም። ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚቀዳ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። እምቢ ያለውን ቦታ አልፎ በኋላ ተመልሶ እንዲሞክር አዘዝኩትና ጀመርኩ።

መቅዳት ሲጀመር ሥራ ያለው ለኮምፒውተሩ ነው፤ ለሰው ያለው ቁጥሩን ማየት ብቻ ነው። አራት ከመቶ። አምስት ከመቶ። ጉሙ በሩ ላይ ቆሟል፤ አንዳንዴ ገባ ብሎ የሚመለስ ይመስለኛል። እንዲህ ስቀመጥ እንቅልፍም ንቃትም ያልሆነ ቦታ እሄዳለሁ። የደጎሎ መኪና ያንጓጓል፣ የታይፑ ደወል መስመሩ ማለቁን ይናገራል፣ ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ከሞቱ ግን ስንት ጊዜያቸው። ሃያ ከመቶ። አንዳንዴ የኖርኩት ራሱ እንዲህ ከመቶ እየተቆጠረ ሲያልፍ ያየሁት ይመስለኛል፤ ወዴት እንደተቀዳ ግን አላውቅም።

ስልሳ አንድ ላይ ቁጥሩ ቆመ። ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ አንድ ቦታ ይደጋግማል። እጄን ሳሳርፍበት ያቃጥላል። ያን ጊዜ ነው መብራት የጠፋው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየኝ ዩፒኤስ መጮህ ጀመረ፤ አሮጌ ስለሆነ ከሩብ ሰዓት በላይ አይይዝም። ልቀጥል ወይስ ላቁም? ብቀጥል መብራቱ መሀል ላይ ሊከዳኝ ነው፤ ባቆም ዲስኩ ዳግመኛ ላይነሳ ነው። አቆምኩት። የደረሰበትን አስመዘገብኩና ሁሉንም ዘጋሁ። ዲስኩንም ከኬብሉ ነቅዬ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከዝናቡ ራቅ አድርጌ፣ ንፋሱ እንዲያገኘው አስቀመጥኩት።

«ብርድ አያበላሸውም?» አለች።

«የመካነ ሰላም ብርድ ስንቱን ሰው አበላሽቷል፤ ለዲስክ ግን መድኃኒት ነው።»

ፈገግ አለች። የጨለመው ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ሳልጠይቃት ማውራት ጀመረች።

«የሄድኩት ያለ እሱ ፈቃድ ነው። እንዳትሄጂ ብሎኝ ነበር። የምሄድ ዕለት በር ላይ ቆሜ አውፍ በለኝ አባ አልኩት። ዝም አለኝ።»

በእኛ አገር መንገድ የሚወጣ ሰው አውፍ ሳይባባል አይወጣም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ይቅር በሉኝ ነው፤ ሞትም አለ፣ መንገድም አለ፣ የተቀያየምነው አብሮኝ አይሂድ ነው። አውፍ በለኝ የተባለ ሰው አውፍ ብያለሁ ብሎ ይመልሳል። ዝም የሚል አባት አይቼ አላውቅም።

«ሦስት ጊዜ አልኩት፤ ዝም አለኝ» አለች። «ይችን ላፕቶፕ የላክሁት ለዚያ ነው። ታስታርቀኛለች ብዬ ነበር። ስደውል በጎረቤት ስልክ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ፣ አሠሪዬ ስትፈቅድልኝ። ደህና መሆኔን ይሰማና ስልኩን ለሰው ይሰጣል። ያችን ቃል አላላትም። እኔም ሰው ቆሞ እየሰማ ልለምነው አፈርኩ። ከዚያ ሞተ አሉኝ።» የላፕቶፑን ክዳን በጣቷ ጠረገች። «አውፍ ሳይለኝ ነው የቀረው፣ እትዬ። አሁን ይችን ላፕቶፕ ሳይ ይከፋኛል። ለዚህ ነው አጥፉት ያልኳችሁ።»

ስለ ሰባ ስምንቱ ድምፆች ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። መለስኩት። ምን እንደሆኑ አላውቅም፤ የጎረቤት ልጅ መንዙማ ቀድቶባቸውም ይሆናል። በሆዴ ግን ለምኜ ነበር፤ ጸሎቴ ወደ ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ማርያምም ቢስሚላህም ነበሩበት።

መብራቱ የመጣው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ዲስኩ በረዶ ሆኗል። አገናኘሁት፤ ካቻቢቴውን አስደግፌ አዳመጥኩ። አንድ ወጥ ድምፅ። ስልሳ አንድ። ስልሳ ሁለት። ሰዓዳም ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ከኔ ጋር መቁጠር ጀመረች፤ ምን እንደምንቆጥር ግን እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። መቶ ሲል ወገቤን ቀና ማድረግ አቅቶኝ ነበር። ያለፋቸውን ቦታዎች ተመልሶ ሞከረ፤ ጥቂቱን አገኘ፣ ጥቂቱን አጣ። ሳየው ከሰባ ስምንቱ ዘጠኙ ተበላሽተዋል። የመጀመሪያው ደህና ነው።

ኤስኤስዲውን ላፕቶፑ ውስጥ አስገባሁ፤ ብሎኖቹን ከየቆርኪያቸው መለስኩ። ስከፍተው ዓይን ሳይጨፈን ተነሳ። ሰዓዳ «ያ ረቢ!» ብላ ሳቀች። ስክሪኑ ጥግ ላይ የእኛው ዓመተ ምሕረት ተቀምጧል፤ አልነካሁትም።

«አሁን አጥፊው ካልሽኝ አጠፋለሁ» አልኳት። «መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ስሚ። ምን እንደሆነ እኔም አልሰማሁትም። ሰው አይስማው የምትይ ከሆነ ልውጣልሽ።»

ያየሁትን ነገርኳት። «አትውጡ፣ እጄን ያዙኝ» አለች።

የመጀመሪያውን ከፈትኩ። መጀመሪያ የዝናብ ድምፅ ነው፣ የዶሮ ድምፅ፣ ከዚያ ጉሮሮውን የሚያጠራ ሽማግሌ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሰዓዳ። እኔ ነኝ፣ አባትሽ። ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ሰግጄ መምጣቴ ነው። መምህሩ ይችን ስትጫን ድምፅህ ይቀዳል ብሎኛል። እንግዲህ ከተቀዳ ወደ አንቺ ይመጣል። እንደምን ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ። ገብሱን ዘንድሮ በረዶ አልነካውም።»

እኛ ውሃም ይቀዳል እንላለን፣ ድምፅም ይቀዳል እንላለን። መምህሩ ያለው የድምፁን ነው። ሽማግሌው የሰማው የውሃውን ነው፤ ከዚህ የተቀዳ እዚያ ይገባል ብሎ። ላፕቶፑ ውስጥ እንደሚቀር ማን ይንገረው?

ድምፁ ቀጠለ።

«ልጄ፣ ያን ቀን አውፍ በለኝ ስትይኝ ዝም ያልኩሽ ተቆጥቼ አይደለም። አውፍ ካልኳት ትሄዳለች፣ ዝም ካልኳት ትቀራለች ብዬ ነው። ሄድሽ። እኔም በሩ ላይ ቀረሁ። አውፍ ብዬሻለሁ። ከልቤ ነው ያልኩሽ። ዝም ስላልኩሽ አንቺም አውፍ በይኝ። ሰው ፊት በስልክ ማለት አልሆነልኝም፤ እንዲህ ለብቻችን ይሻላል። በይ እንግዲህ፣ ለጁምዓ እመለሳለሁ።»

አለቀ። እኔ ነኝ መጀመሪያ ያለቀስኩት። ሰዓዳ ዓይኗ ደርቆ ስክሪኑን ታያለች፤ እጄን ግን አጥንቴ እስኪያመኝ ጨብጣዋለች።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ስደውልለት ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚለኝ ‹ድምፄ ይደርስሻል?› ነው። ሁልጊዜ። እኔ የስልኩን መስሎኝ ይደርሰኛል አባ እለዋለሁ። ጥርት ብሎ ይደርሰኛል እለዋለሁ። እሱ ‹አልሐምዱሊላህ› ይልና ስልኩን ለሰው ይሰጣል።»

ከዚያ ነው ያለቀሰችው። እስኪወጣላት ጠበቅኋት፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። በጋቢዬ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«ሁለተኛውን ልክፈትልሽ?» አልኳት።

«ተዉት። በየጁምዓው ነው ያወራኝ፤ በየጁምዓው ነው የምሰማው።»

ላፕቶፑን ልትዘጋ እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። በመጥፎ መስመር ከሩቅ አገር እንደሚደውል ሰው ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«አውፍ ብዬሃለሁ አባ!» አለች። «ይደርሰኛል፤ ጥርት ብሎ ይደርሰኛል!»